በር ጠባቂው በር ሲፈልግ

እሑድ

ዊልቸር አልፈልግም አልኳት። ልጄን ነው፣ ስልክ ላይ።

ሌንሳ ከኦስሎ ደውላ፣ «አባዬ፣ ለአንተም ለእማዬም ዊልቸር አዝዣለሁ። ዱባይ ላይ አውሮፕላን ስትቀይሩ እየገፉ በሩ ድረስ ያደርሷችኋል» አለች። እግራችን ደህና ነው አልኳት። «ለእግራችሁ አይደለም፤ ማንበብ ለከበደው ሰው ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለች።

ይህቺን ነው ያልወደድኳት።

እኔ ደበላ፣ ሰበታ ላይ የሳሙና ፋብሪካ በር ሃያ ሦስት ዓመት የጠበቅሁ፣ ጡረታ ወጥቼ ማታ ማታ ተምሬ ፊደሉንም የኦሮምኛውን ቁቤም የጨረስኩ ሰው፣ በወንበር ልገፋ? ከክፍሌ አንደኛ ነኝ። አሥራ አንድ ነን። ስድስቱ ሴቶች በንባብ ይበልጡኛል፣ ግን አንዳንዴ ይቀራሉ። እኔ ቀርቼ አላውቅም። በዚህ ሂሳብ አንደኛ ነኝ።

«ሰርዢው» አልኳት። ሰረዘችው።

ባለቤቴ አዳነች ከጎኔ ሆና ትሰማ ነበር። «እኔ ግን ብገፋ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሽንኩርትና ድንች ተሸክማ ገበያ የዋለች ሴት ናት፣ እውነቷን ነው። ለእኔ ስትል ተወችው። የማታ ትምህርት አብረን እንመዝገብ ስላት፣ «ለአንድ ቤት አንድ ዐዋቂ ይበቃል» ብላ ስቃብኝ ነበር። ስለዚህ ይህን ደብተር አታነበውም። እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

ጉዳዩ ይህ ነው። ሌንሳ ልትወልድ ነው፣ የመጀመሪያዋ። ሐሙስ ጠዋት በቀዶ ጥገና። ባሏ መርከበኛ ነው፣ አሁን ባሕር ላይ ነው፣ አይደርስም። የእኛ ቪዛ የወጣው ገና ዓርብ ነው፣ ያገኘነውም ቲኬት የረቡዕ ነው። ረቡዕ ማታ እንገባለን፣ ሐሙስ ጠዋት አብረናት ነን። ዱባይ ላይ ሁለተኛው አውሮፕላን ካመለጠን ግን ቀጣዩ በማግስቱ ነው። ልጄ ብቻዋን ትገባለች።

ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት፣ «ትደርሳላችሁ አይደል?» አለች። ድምፅዋ ልክ የትንሽነቷ ነበር።

«የበርን ነገር ለእኔ ተዪው» አልኳት።

ሰኞ

ኑረዲን ሱቅ ሄድኩ። ጨርቅ ሻጭ ነው፣ ዕቃ ለማምጣት ዱባይ ይመላለሳል። «ኦቦ ደበላ፣ እዚያ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የሚሄዱት መንገድ ከዓለም ገና ሰበታ ይሆናል» አለኝ። አጋኗል ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ካርቶን ቀዶ እያስረዳኝ እኔ ጻፍኩ፦

አንድ። ሻንጣው በራሱ ይሄዳል። አትፈልገው።

ሁለት። ሰው ወደ መውጫው ሲጎርፍ አትከተል፣ ከተማ ያስገባሃል። ትራንስፈር፣ አውሮፕላን መቀየሪያ፣ የሚለውን ተከተል። (ፊደሎቹን ካርቶኑ ላይ ጻፈልኝ። ረጅም ቃል ነው። ሃያ ጊዜ ገለበጥኩት።)

ሦስት። የበሩ ስም ፊደልና ቁጥር ነው። ፊደሉ ሰፈሩ፣ ቁጥሩ የቤት ቁጥሩ።

አራት። ስክሪን እያየህ ሂድ። ወረቀቱን ብቻ አትመን።

አራተኛውን የጻፍኩት ኑረዲን እንዳይከፋው ነው። ስለ ወረቀት ለእኔ? ፋብሪካ በር ላይ መኪና ሲወጣ የመውጫ ወረቀት ያሳያል። ያኔ ማንበብ ስለማልችል ቀለሙንና ማኅተሙን አይቼ ነበር የማሳልፈው። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁን ራሱን ወረቀት የለህም ብዬ አቁሜዋለሁ፣ ተሸልሜበታለሁ። ወረቀት ያለው ያልፋል፣ የሌለው ይቆማል። ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ያለቀ ነገር ነው።

ማታ ክፍል ገብቼ ተሰናበትኩ። መምህርታችን፣ «ጋሼ ደበላ፣ የሚያዩትን ሁሉ ይጻፉ» አለችኝ። ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ። ደስ አለኝ፣ አልደብቅም።

ማክሰኞ

ሻንጣ። የገንፎ ዱቄት፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ለሕፃኑ ጋቢ። ቅቤ አይገባም ብላለች ሌንሳ። አዳነች ያንን ስትሰማ ያዘነችው ቪዛው የዘገየ ጊዜ ካዘነችው ይበልጣል። «አራስ ያለ ቅቤ ምን ልትሆን ነው?» እያለች ሦስቴ አስገብታ ሦስቴ አወጣችው።

ከሰዓት ትንሽ ተጋጨን። ወረቀቱን ማን ይያዝ? ፓስፖርቴን እኔ ልያዝ አለች። የሚያነብ ሰው ነው የሚይዘው አልኳት። ከዚያ መርፌና ክር አምጥታ የጃኬቴን የደረት ኪስ በቁልፍ እንዲዘጋ አድርጋ ሰፋችልኝ። እኔ ብሆን ዝም ብዬ አልሰፋም ነበር።

ጎረቤቶች መጥተው መረቁን። ሁሉም ዱባይ ላይ እንዴት ልትሆኑ ነው ይላሉ። እኔም የካርቶኑን ጽሑፍ እያነበብኩ አስረዳኋቸው። በአራተኛው ላይ አልቆየሁም።

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። «ትደርሳላችሁ አይደል?» የምትለዋ ነገር ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ረቡዕ፣ ዱባይ

አገኘሁት። በሩ ፊት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከአውሮፕላኑ ስንወርድ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ጎረፈ። እኔ ቆምኩ። ሰው እየገፋኝ ቀና ብዬ ሰሌዳውን አነበብኩ። በቁቤ ስታነበው ድምፁ ይጣመማል፣ ፊደሎቹ ግን የካርቶኑ ናቸው። «በዚህ» አልኩ። አዳነች ዞራ አየችኝ። እንደዚያ አድርጋ ያየችኝ የተጋባን ሰሞን ነው።

ቤት ውስጥ ባቡር አለ። ሾፌር የለውም። አዳነች ሾፌር በሌለው ነገር አልሳፈርም አለች። በሩ ሊዘጋ ሲል ከእኔ ቀድማ ገባች።

ከዚያ ሰልፍ ነበር። ከፊታችን ሕፃን በጨርቅ ደረቱ ላይ ያሰረ ሰውዬ ቆሟል። አዳነች ወንድ እንዲህ ሲሸከም አይታ አታውቅም፣ ተደነቀች። በጣቷ ጠቁማ «ኦስሎ?» አለችው። «ኦስሎ» አለ። የሕፃኑን እግር ነካ አደረገች፣ ተሳሳቁ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ አዲስ ወረቀት አትማ ሰጠችን። ቢ 22።

ያለ ዊልቸር፣ ያለ መሪ፣ ደበላ ራሱ አነበበ፣ ደበላ ራሱ ደረሰ። ገና ሰዓት አለን። ይህን መምህርታችን ባየች።

አዳነች ግን አትቀመጥም። ያ ሕፃን ያቀፈው ሰውዬ የለም ትላለች። ሱቅ ሄዶ ይሆናል አልኳት። ሰልፉ ላይ ከኋላችን የነበሩት ሁለት ሽበታም ሴቶችም የሉም ትላለች። ይመጣሉ አልኳት። እዚህ የተቀመጠ ሰው ካፖርት አልያዘም፣ እነዚህ ብርድ አገር አይሄዱም ትላለች።

እየጻፍኩ ነው አልኳት። ወረቀቱ ቢ 22 ይላል። በሩም ቢ 22 ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚህ በላይ ምን አለ?

አሁን ደግሞ ቆመች። ደብተሩን ዝጋ ት

ረቡዕ፣ አውሮፕላን ውስጥ

ገብተናል።

«ኮቱ፣ ና እንሂድ» አለችኝ። አልነቃነቅም አልኩ። ወረቀት ይዞ በሩ ላይ የቆመ ሰው ሲሳሳት በሃያ ሦስት ዓመት አላየሁም አልኳት።

«እንግዲያው አንተ ወረቀትህን ጠብቅ፣ እኔ ልጄ ዘንድ ልሂድ» ብላ ሄደች። ፓስፖርቷ እኔ ደረት ላይ ነው፣ ቋንቋ የላትም፣ ሄደች። ምን ላድርግ? ተከተልኳት።

እየሄድን ነገረችኝ። ተፍኪ ገበያ በአይሱዙ ሲሄዱ ነጋዴ ሴቶቹ አብሯቸው የተጫነውን ሰው መልክ ይይዛሉ። ማታ የመኪናው ቦታ ቢቀየርም ሰዎችሽን ካየሽ አትቀሪም። «ሰልፉ ላይ ሰዎቻችንን ይዣቸው ነበር» አለች።

ትልቁ ስክሪን ሥር ስንደርስ ቆመች። «በል፣ ያን ያህል የተማርከው ለዚህ ነው። አንብብ።»

ቀና አልኩ። ከላይ እስከ ታች የአገር ስም ነው። እኔ ገና አንዱን ቃል ስጀምር ሁሉም ወደ ዐረብኛ ይገለበጣል። እጠብቃለሁ፣ ይመለሳል፣ እጀምራለሁ፣ ይገለበጣል። ላብ አጠመቀኝ። እሷ አላዋከበችኝም፣ ክንዴን ብቻ ይዛኛለች። በአራተኛው አገኘሁት። ኦስሎ። አጭር ስም ስለሆነ አምላክ ይመስገን። አጠገቡ ሲ 18 ይላል፣ ብልጭ ብልጭ ይላል።

ወረቀቱን አየሁ፣ ስክሪኑን አየሁ። «የትኛው ነው ትክክሉ?» አልኳት። እኔ አንባቢው እሷን ጠየቅኋት።

«ኋላ የተጻፈው ነዋ» አለች።

ሮጥን። ሱሉልታ ላይ የሚሮጡት ልጆች ቢያዩን ቦታ ይለቁልን ነበር። የሚሄድ ወለል ላይ ሮጥን፣ የማይሄድ ወለል ላይ ሮጥን። አዳነች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከፊት ነበረች። ሲ 18 ስንደርስ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት መግቢያውን በገመድ ልትዘጋ እጇን ዘርግታለች።

ፊቷን ዐወቅሁት። የራሴ ፊት ነው። ልክ በሁለት ሰዓት የፋብሪካውን በር ስዘጋ እንደዚያ ነበርኩ። አንድ ቀን አንዲት ሠራተኛ፣ ብዙነሽ፣ የታመመ ልጅ ሐኪም ቤት አድርሳ ሁለት ደቂቃ አሳልፋ መጣች። ዘጋሁባት። የቀን ሥራዋን አጣች። ሕግ ነው ብዬ ያን ቀን ምሳዬን ደህና አድርጌ በላሁ። እስከ ዛሬ ትዝ ብላኝ አታውቅም ነበር።

ሴትዮዋ አየችን። መተንፈስ አቅቶናል። የዘረጋችውን እጅ ሰብስባ ወረቀታችንን ተቀበለች። ማሽኑ አረንጓዴ አበራ። «ገለቶማ» አልኳት፣ በቸኮልኩ ጊዜ ምስጋና የሚወጣኝ በኦሮምኛ ነው። የገባት ይመስለኛል። ገመዱን የዘጋችው ከእኛ ኋላ ነው።

ሕፃን ያቀፈው ሰውዬ ከፊታችን ተቀምጧል። አዳነች ስታየው እንደ ዘመድ እጇን አወዛወዘችለት።

አሁን መስኮቱ ሥር ተኝታለች። እውነቱን ልጻፍ፣ ለዚህ ነው ደብተሩ። እሷ ባትኖር ቢ 22 ፊት እንደ ሐውልት ቁጭ ብዬ፣ ወረቀቴ ትክክል ሆኖ፣ ልጄ ብቻዋን ትቀር ነበር። ስትነቃ እነግራታለሁ። ወይም ነገ።

ሐሙስ፣ ኦስሎ

ሐኪም ቤት። አዳነች ከሌንሳ ጋር ገብታለች። አንድ ሰው ነው የሚፈቀደው። እኔ በሩ ፊት ነኝ፣ የለመድኩት ቦታ። በሩ እጀታ የለውም፣ ከውስጥ ነው የሚከፈተው። ሌንሳ ስትገባ እናቷን እጇን ይዛ ነበር። ያንን አይቻለሁ፣ ይበቃኛል።

ሰዓቱ አይሄድም። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አሥር ጊዜ አነበብኩት። ምን እንደሚል አላውቅም፣ ማንበብ ግን አነበብኩት።

ቆይቶ።

ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ተመስገን፣ ተመስገን።

አስገቡኝ። ሕፃኗ የገዛ ጋቢያችን ውስጥ ናት። እጇ ላይ ትንሽ ወረቀት አስረውላታል፣ ጽሑፍ አለው። ማንም ሳያግዘኝ አነበብኩት፣ ሁለት ቃል ነው። ሌንሳ ደበላ። ለካ ሕፃን የሚመዘገበው መጀመሪያ በእናቱ ስም ነው። እዚህ በማላውቀው አገር፣ በዚያች አውራ ጣት በምታህል እጅ ላይ፣ የእኔ ስም።

«ምን ይላል?» አለች አዳነች።

«እኔን ነው የሚለው።»

«ውሸታም።»

«እውነቱን ነው፣ እማዬ» አለች ሌንሳ ከአልጋዋ፣ ድካም ባለው ሳቅ።

አዳነች ጎንበስ አለች። «የቱ ጋ ነው ስምህ?» ጣቷን ይዤ ከዚህ እስከዚህ አልኳት። ቀስ ብላ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ይህስ ይቀየራል?» አለች።

ሌንሳ ነርሷን ጠየቀችልን። ይቀየራል። በኋላ በራሷ ስምና በአባቷ ስም ይጻፋል።

ሳቅን፣ ሦስታችንም። ሌንሳ ስፌቱ ያመኛል፣ አታስቁኝ አለች። ያኔ ነው ስለ ቢ 22 ለሌንሳ የነገርኳት፣ ሁሉንም፣ ከዊልቸሩ ጀምሮ። አዳነች አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ «ስንመለስ ወረቀቱን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ ስክሪኑን ታነባለህ» አለች።

ላስብበት ልላት ነበር። የደረት ኪሴን ቁልፍ ፈትቼ ሁለቱንም ፓስፖርት ሰጠኋት።