ከማቀዝቀዣው ኋላ

ወንድም ዓለሜ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

የቢራው ማቀዝቀዣ ተተከለ። መጀመሪያ ፓምፑ ይጮሃል እንጂ ታንከሩ አልቀዘቅዝ አለን፤ ለካ አባባ ውሃው በረዶ እንዳይሠራ የሚጨመረውን ግላይኮል ረስተው ባዶ ውሃ ሞልተውበት ውስጡ በረዶ ሆኗል። «ውሃ ብቻውን አይታመንም» እያሉ ያስተማሩን እሳቸው አልነበሩ? አቅልጠን፣ ግላይኮሉን ቀላቅለን ሞላነው፤ አሁን እንደ ልብ ይሠራል።

አባባ አንተ እያለህ እንደለመዱት፣ ተንበርክከው ሲሠሩ ዛሬም ከኋላቸው ያለህ እየመሰላቸው ዞር ሳይሉ መፍቻውን ወደ ኋላ ያቀብሉሃል። መሬት ሲወድቅ «ያዝ እንጂ! ልብህን የት ጥለኸው ነው?» ይሉሃል። እኔም እየሳቅሁ አነሳዋለሁ።

ትናንት ግን ከማቀዝቀዣው ኋላ ሆነው ሲያቀብሉህ፣ ከኋላቸው ማንም ሳይኖር፣ መፍቻው ሲወድቅ አልሰማሁም። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» አሉህ። መፍቻውን እስካሁን ብፈልግ አጣሁት።

ባለህበት ሰላም ያውልህ። ስትመጣ በፊት ለፊት በር ግባ፤ ድምፅህንም አሰማን።

ታናሽ እህትህ