በተዘጋው ጓሳችን ላይ ተቀምጠው ስለ ባሕር ጥበቃ ላስተማሩን ኃላፊ

ግንቦት ፳፰ ቀን ፳፻፬ ዓ.ም.
ከጥድ አምባ፣ መንዝ

ለክቡር የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ ቀጥሎም ግንቦት ፳ ቀን አቀበታችን ላይ ስታቃስት የነበረችውን የመኪናዎን ጤና እጠይቃለሁ። እኛ ከቁሩ በቀር ደህና ነን፣ አምላክ ይመስገን። ስሜ መርስዔ ኃዘን ወዳጆ ይባላል። የጥድ አምባ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ስሆን፣ አገሩ መርጦኝም የተዘጋው ጓሳ፣ የቤት መክደኛ ሣራችን፣ ጠባቂ ነኝ። በበዓሉ ዕለት ከተማሪዎቹ ኋላ አግዳሚ ላይ ጋቢ ለብሼ ተቀምጬ ነበር። ባያስታውሱኝም አልቀየምም፣ ፊትዎ የነበረው ወደ ካሜራው ነውና።

ይህን ጉዳይ ባለፈው ሳምንት በታሸገ ፖስታ፣ በእግሬ አራት ሰዓት ተጉዤ ቢሮዎ ድረስ አምጥቼው ነበር። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነግራኝ ከነፖስታው መለሰችኝ። ከዚህም እርስዎ የሕዝብን ነገር በሕዝብ ፊት መስማት የሚመርጡ ሰው መሆንዎን ተረድቼ፣ ይህኛውን በትምህርት ቤቱ በር፣ በገበያው ጥድና በደጀ ሰላሙ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ለእርስዎም አንድ ቅጂ ልኬያለሁ።

፩ኛ. በመጀመሪያ ምስጋና። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆቻችን «ምናባዊ የባሕር ጠለቃ» የተባለውን ትምህርት ስላመጡልን እጅ እንነሳለን። መንግሥታችን ባሕሩን ከነወደቡ ሸኝቶ ምስሉን በዲስክ ስላስቀረልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ከተመረቀ ጀምሮ አንዲት ጠብታ ያልወጣው የትምህርት ቤቱ ቧንቧ አጠገብ ትልቅ ቴሌቪዥን ተተክሎ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዶ፣ ጀነሬተሩ እያጓራ፣ ውኃ በጀሪካን ተሸክመው የመጡ ልጆች ወደ ውቅያኖስ ጠለቁ። ውኃ እንደዚህ በቅርብ ያየንበት ቀን አልነበረም።

፪ኛ. ስለ ውኃ ዋና መነጽሮቹ። ለሚታየው ምስል መነጽር እንደማያስፈልግ መምህሩ ቢያስረዳም፣ እርስዎ ለፎቶግራፉ ስለሚያምር ልጆቹ ጎማ መነጽር እንዲያጠልቁ አዘዙ። ስድሳ ልጅ፣ አሥራ ሁለት መነጽር። አንድ ለአምስት መደራጀታችን በመጨረሻ አንድ ጥቅም አገኘ። አንዱ ሲጠልቅ አራቱ ዳር ሆነው ተራ ጠበቁ።

፫ኛ. እዚህ ላይ ሳላሾፍ ልናገር። ዲስኩ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ስለነበር መምህር ወንድምአገኝ እያቆመ አስረዳን። በባሕሩ ውስጥ የተዘጋ ስፍራ አለ፣ መረብ አይጣልበትም፣ መልሕቅ አይወርድበትም፣ የነካው ይቀጣል፣ ዓሣው በሰላም ይራባል፣ ከዚያ ሲተርፍ ወደ ጎረቤት ውኃ እየወጣ አጥማጁን ሁሉ ይመግባል አለ። ወዲያው ልጆቹን ዞሮ አይቶ፣ ጓሳችን ማለት እኮ ነው አላቸው። ስድሳውም በአንዴ ገባቸው። እኔም በስድሳ ስምንት ዓመቴ ባሕር አየሁ። በተዘጋው በኩል ዓሣው እንደ ገበያ ቀን ሰው ይርመሰመሳል፣ ከወሰኑ ማዶ ደግሞ ባዶ ድንጋይ ነው። የአባቶቼን ሕግ ሰው በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ውኃ ውስጥ ሲጠብቀው ሳይ እንባዬ መጣ። ለዚህ ግማሽ ሰዓት ከልቤ አመሰግናለሁ። ከዚያ ከጨለማው ክፍል ወጥተን ወደ እንግዶቹ ዳስ ሄድን።

፬ኛ. ዳሱ። ክቡርነትዎ ከሩቅ ስለመጡ የማያውቁት ከሆነ ልንገርዎ። ጓሳችን ሲዘጋ ሦስት ዓመት ማጭድም ከብትም አይገባበትም። ሲከፈት ቀድሞ የሚያጭደው ጣሪያው የሚያፈስበት ቤተሰብ ነው። ጠባቂው አጫጅ ሲያይ ጡሩንባ ይነፋል፣ ጡሩንባ የሰማ ሁሉ ይወጣል። አይቶ ዝም ያለ ጠባቂ ደግሞ ከአጫጁ ቀድሞ ይዳኛል። ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። የእርስዎ ዳስ ከላይ የተከደነው፣ ከታችም የተጎዘጎዘው በዚሁ ገና አንድ ዓመት በሚቀረው ጓሳ ነው። ስለተዘጋ ባሕር ያስተማሩን ሰዎች፣ የተዘጋውን ሣራችንን አጭደው ለሦስት ሰዓት ጥላ አዋሉት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እርስዎ ግን የብብታችንን ጣሉት እንጂ ብብቱስ የራስዎ አልነበረም። በማግሥቱ ሄጄ አየሁት። የበግ አጥንት፣ የቢራ ቆርኪ፣ በጫማ የተረጋገጠ ሣር። ለጣሪያ የሚውል አንድ ጭብጥ አልተረፈም። ተጸየፍሁ፣ ሌላ ቃል የለኝም።

፭ኛ. ጽናት የምትባለው ልጅ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ የወይዘሮ አማከለች ልጅ ናት። እናቲቱ ባሏ የሞተባት፣ ጣሪያዋ ከሁለት ክረምት ወዲህ የሚያፈስባት፣ ጓሳው ሲከፈት የመጀመሪያዋ ባለ ተራ ነበረች። ከዞን የመጡት እንግዳ ከባሕሩ ምን እንደተማሩ ሲጠይቁ ልጅቱ መነጽሩን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ተነሳች። የተናገረችው ሳይጨመር ሳይቀነስ ይህ ነው፤ «ባሕሩ ውስጥ የተዘጋውን የነካ ይቀጣል ተብለናል። ይህ የተቀመጣችሁበት ጓሳም የተዘጋ ነው። የሚቀጣው ማነው?»

ክቡርነትዎ በካሜራው ፊት ሳቁ፣ ጎበዝ ተማሪ አሏት፣ አስጨበጨቡላትም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በሦስተኛው ቀን ከቢሮዎ የመጣው ደብዳቤ፣ «ከጀርባዋ ያሉት ፀረ ልማት ኃይሎች ተጣርተው እስኪታወቁ» የመፈተኛ ካርዷ ተይዞ እንዲቆይ ያዝዛል። ፈተናው ሰኔ ፲፬ ነው። ይህች ልጅ ከክፍሏ አንደኛ ናት። ዘንድሮ ካልተፈተነች በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤት አትገኝም፣ ሽማግሌ ልኮ የሚጠብቃት ቤት እንዳለ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እናቷ እስካሁን «ልጄ ትማር» እያለች ነው የያዘችው። ትምህርቱን በትክክል የተረዳችውን አንዲት ልጅ መርጠው የቀጡበት ጥንቃቄ ይደነቃል።

ለሚቀጥለው ቁጥር አልሰጠሁትም፣ አቤቱታ ስላልሆነ።

ከጀርባዋ ማን እንዳለ ጠይቀዋል። እኔ ነኝ። ግንቦት ፲፱ ረፋድ ላይ መኪናዎ ጓሳው ውስጥ ገብታ አጫጆች ከነማጭዳቸው ሲወርዱ፣ ከጉብታው ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ጡሩንባዬ በእጄ ነበር። ወደ አፌ አስጠጋሁት፣ የመኪናዋን ሰሌዳ አየሁና አወረድሁት። ጎረቤቴ ከድር አምና አንዲት በቅሎው ወሰን ብታልፍ አገር አስነስቼበታለሁ፤ ለመንግሥት መኪና ግን ትንፋሽ አጠረኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ የእኔ ዝምታ ሌሊቱን ነቅዞ አደረ። በማግሥቱ እዚያው ሣር ላይ ተቀምጬ የሰጡኝን ጥብስ በላሁ። ልጅቱ ስትነሳ ልክ ከጀርባዋ ነበርሁ። «እውነቷን ነው» ብል ሁለት ቃል ነበር፣ አላልሁም። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የእኔን ጡሩንባ በእኔ ፋንታ ነፋች። ከእርስዎ ዳስ ይልቅ የተጸየፍሁት ይህንን ነው።

ስለዚህ የፊታችን እሑድ፣ ሰኔ ፫ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ በሸንጎው ፊት ድንጋይ ተሸክሜ ቆሜ ይቅርታ እለምናለሁ። ጡሩንባውንም አስረክባለሁ። ሽማግሌዎቹ ለወይዘሮ አማከለች ሊሰጡት ተስማምተዋል፤ እሷ ደግሞ የመኪና ሰሌዳ የምታነብ ሴት አይደለችም። ከእኔ ቀጥሎ ተራው የአጫጁ ነው። ለክቡርነትዎ ድንጋይ መርጠን አስቀምጠናል፣ ከእኔው አይከብድም። መምጣቱ ቢያስቸግርዎ ድንጋዩ ይጠብቅዎታል፣ ድንጋይ አይቸኩልም። ልጅቱ ግን መጠበቅ አትችልም። ፀረ ልማቱ ኃይል ተገኝቷል፣ ስሙ ከታች ተፈርሟል። ካርዷን ይላኩላት።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለጣሪያዎ ክረምት የማይደፍረው ቆርቆሮን እየተመኘሁ፣ በፍጹም ትሕትና እጅ የምነሳ፣

መርስዔ ኃዘን ወዳጆ
እስከ እሑድ ድረስ የጓሳው ጠባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከአሥራ ሁለቱ የዋና መነጽሮች አንዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ወደ ባሕር መጥለቅ አይጠበቅብዎትም፤ በሚቀጥለው በዓል ሲቀመጡ ያጥልቁትና እግርዎ ሥር ያለውን አንድ ጊዜ ይመልከቱ።