ሳንቃዋ ላይ የቀረችው ድንጋይ

ይድረስ ለእናቴ፤

ሰውነትሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ የእህቴን ቤት ደረጃ ለመደልኝ? በሳምንት ሦስት ቀን ከዚያ ደም አጣቢ ማሽን ጋር ስትውዪ ክንድሽ ላይ የሚያብጠው ቦታ ቀለል አለልሽ? እህቴን በስልክ ስጠይቃት “ደህና ናት” ትለኛለች። እሷ ሁሉንም ነገር ደህና ነው የምትል ሰው ስለሆነች አላምናትም። ስለ እኛ ስትጠይቀኝ እኔም ደህና ነን እላታለሁ። እንዲህ ነው የምንነጋገረው።

ይህንንም ደብዳቤ “እኛ ደህና ነን” ብዬ ጀምሬው ነበር። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ።

አባዬ ይበላል። ይተኛል። ጢሙን የምላጨው እኔ ነኝ። ጀልባዎቹ ከውሃ ወጥተው ግቢው ውስጥ ተገልብጠዋል። ድንኳኖቹን አጥቤ ገመድ ላይ ሰቅያቸዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ታጥበውም አሸዋ ይረግፍባቸዋል። ከእንግዲህ ደሴቶቹ ላይ ለማደር ሰው ይዘን አንሄድም። አንድ ሰው እንደጠፋብን እህቴ ነግራሽ ይሆናል። እንዴት እንደጠፋ ግን እሷም አታውቅም። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄን ስለምትለዪው ነው።

የሄድሽ ቀን፣ አውቶቡሱ በር ላይ ቦርሳሽን ሳቀብልሽ እጄን ያዝሽና “አደራህን፣ ሰው ፊት እንዳታሳፍረው። ሲረሳ ቀድመህ ሙላለት” አልሽኝ።

ሞላሁለት እማዬ። ስምንት ወር ሙሉ ሞላሁለት። የድንኳኖቹን ዘንግ ረስቶ መጥቶ እንግዶቹ ሸራውን እንደ ብርድ ልብስ ተከናንበው ባደሩ ጊዜ፣ ኮከብ እንድታዩ ብለን ነው አልኳቸው። ሳቁ፤ እንዲያውም አንዷ አመሰገነችን። ሻይ ውስጥ ጨው ሲጨምር እኔ ነኝ አልኩ። ጀልበኞቹ ድሮ በፍቅር “ቆጣሪው” ይሉት አልነበር? አሁን ወደቡ ላይ ሲያልፍ ቆጣሪው ተቃጠለ፣ ሰፈሩ ጨለመ ይባባላሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ቤት ሲገባ ምን ብለው ነው የሳቁት ብሎ ይጠይቀኛል።

ቆጠራ ላይ ግን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ይህን ያስተዋልኩት አሁን ነው።

ሥርዓቱን ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። ቢሆንም ልጻፈው። ስጽፈው ምናልባት ሌላ ሆኖ ይወጣ ይሆናል። ደሴቷ ላይ ስንወርድ እያንዳንዱ ሰው ከዳርቻው አንድ ድንጋይ ያነሳና መውረጃው አጠገብ ባለችው አሮጌ ሳንቃ ላይ ይደረድራል፤ እኔም፣ አባዬም እንደ ማንኛውም ሰው። አድረን በማግስቱ ስንነሳ ሁሉም ጀልባ ላይ ከመውጣቱ በፊት የራሱን ድንጋይ ወደ ውሃው ይወረውራል። ሳንቃዋ ባዶ ስትሆን እንሄዳለን። ልጅ ሳለሁ፣ ሰዉን ራሱን መቁጠር አይሻልም ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። ሰው ቦታ ይቀያይራል፣ ድንጋይ ግን ባለቤቱን ይጠብቃል አለኝ።

የዚያን ቀን እንግዶቹ አሥራ አንድ ነበሩ። አንደኛዋ ነርስ ናት። አንዱ ብቻውን የመጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዝምተኛ፣ ለልጁ ዛጎል የሚለቅም። ያደርንባት ትንሿ ደሴት ናት፣ ዛፍ የሌላት፣ የመሃሏ ጉብታ ግን የወዲያኛውን ዳርቻ የሚጋርድባት። ባሕሩ ጨው ስለሆነ በጄሪካን ይዘን ከምንሄደው በቀር የሚጠጣ ጠብታ የላትም።

ጠዋት ነፋሱ ዞረ። መፍጠን ነበረብን። ድንኳኖቹን ነቀልን፤ ጄሪካኖቹን አንድም ሳናስቀር ጫንን። ግማሹ እንግዳ አባዬ ጀልባ ላይ፣ ግማሹ ከዕቃው ጋር እኔ ጀልባ ላይ ወጣ። እየወረወሩ ነው የወጡት። እኔም ወርውሬያለሁ።

አባዬ ሳንቃዋ አጠገብ ቆሟል። አንዲት ድንጋይ ቀርታለች። ጠፍጣፋ፣ ግራጫ፣ አልቃ የሳሳች ሳሙና የምትመስል።

“አንድ ሰው ቀርቷል” አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት። እኔ ያየሁት ነርሷን ነው። ከዋዜማው ጀምሮ እጆቹን ስትከታተል ነበር፤ አባትህን ሐኪም አይቷቸዋል ወይ ብላም በጆሮዬ ጠይቃኛለች። ያልሽኝ ትዝ አለኝ። ጠጋ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣

“አባዬ፣ ያንተው ናት። መወርወሩን ረስተኸው ነው” አልኩት።

“ወርውሬያለሁ’ኮ።”

“አልወረወርክም።”

ፊቴን አየኝ። ዋና ሲያስተምረኝ፣ እግሬ መሬት ሲያጣ እኔ እሱን እንዴት አየው እንደነበር አስታወሰኝ። ከዚያ “እንግዲህ አንተ ካልክ” አለ። ሊያነሳት ጎንበስ ሲል እጁ ተንቀጠቀጠ። ሰው እንዳያይበት ቀድሜ አነሳኋትና ወረወርኩለት። ሁለቴ ነጥራ ሰጠመች። ከጀልባው ላይ አንድ ሰው አጨበጨበ።

ወደብ ደርሰን ዕቃ ስናወርድ አንድ ቦርሳ ባለቤት አጣ፤ የሹፌሩ ነበር። አባዬ ጀልባ ላይ የነበሩት እኔ ጋ ያለ መስሏቸው ነበር፤ እኔ ጋ የነበሩት ደግሞ እሱ ጋ። ነፋሱ መሻገሪያውን ዘግቶት ነበር። የወደቡ ቢሮ ሁለት ቀን ሙሉ ጀልባ አላስወጣም። በሦስተኛው ቀን ስንደርስ ሳንቃዋ ላይ ጫማዎቹን አገኘን። ጎን ለጎን፣ አፍንጫቸው ወደ ውሃው። ካልሲዎቹ ታጥፈው ውስጣቸው ነበሩ። ዛጎሎቹን በሸሚዙ ቋጥሮ ከጫማዎቹ አጠገብ አኑሯቸዋል። ከማዶ ያለችው ደሴት ቅርብ ትመስላለች። ለሁሉም ሰው ቅርብ ትመስላለች። እሱ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ቢሮው ለጠራን ቀን ዋዜማ ነርሷ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ላከችልኝ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ላይ፣ የወረድን ዕለት፣ ሹፌሩ ድንጋዩን ሳንቃዋ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ወደ ካሜራው ዞሮ ይስቃል። እጁ ላይ ያለችው ጠፍጣፋ ናት። ግራጫ ናት። አባዬ በዕድሜው ከክብ ድንጋይ ሌላ አንስቶ አያውቅም። ይህንን አውቅ ነበር እማዬ። ሳንቃዋ አጠገብ ቆሜም አውቀው ነበር።

በማግስቱ ቢሮ ገባን። ጠባብ ክፍል ናት፤ ሦስት ወንበር አላት፣ የኃላፊው ጠረጴዛ አንዱ እግር በታጠፈ ካርቶን ተደግፏል። እኔ ካርቶኑን ነው ሳይ የነበረው። ቆጠራው የማን ኃላፊነት ነበር ተብሎ ተጠየቀ። አባዬ የእኔ ነው አለ። የሹፌሩን ድንጋይ የራሴ መስሎኝ ወርውሬ ይሆናል፣ አእምሮዬ እንደ ድሮው አይደለም፣ ልጄ ምስክሬ ነው አለ። ኃላፊው እኔን አየኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አባዬ ፈረመ። የጀልባ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ፣ ማዕዘኑን በጣቱ አቃንቶ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ለምን ዝም እንዳልኩ እዚህ ላይ ሦስት ምክንያት ጽፌ ነበር። ሰረዝኳቸው።

ኮሪደሩ ላይ የሹፌሩ ሚስት ተቀምጣ ነበር። አልጮኸችም። አባዬን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ “ውሃ ትታችሁለት ነበር?” አለችው። አባዬ መልሱን ፍለጋ ወደ እኔ ዞረ። አሁን ሁሉንም ነገር ከእኔ ነው የሚጠይቀው። ዛሬ ምሳ በልቻለሁ? ይህ ቀሚስ የማን ነው? ሚስቴ መቼ ነው የምትመጣው?

የወጥ ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ ድንጋይ መደርደር ጀምሯል። አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ላንቺ። ያንቺን በየቀኑ ያጥባታል። ባለፈው እሑድ ግን አራት ደርድሮ ጠራኝ። አራተኛዋ ጠፍጣፋ ናት፤ ከየት እንዳመጣት አላውቅም።

“አንድ ሰው ቀርቷል?” አለኝ። ይህን ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም፤ ድሮ ይናገር ነበር እንጂ።

“አዎ አባዬ። ልክ ነበርክ። ያኔም ልክ ነበርክ” አልኩት።

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ልጅ ውሸት ሲያወራ በደግነት እንደሚደረገው።

“ልታስደስተኝ ብለህ ነው” አለና ጠፍጣፋዋን አንስቶ ኪሱ ከተታት።

ያልሽኝን ነው ያደረግሁት እማዬ። ይህንንም መስመር ልሰርዘው ነበር።

ፎቶውን አሳትሜ አብሬ ልኬልሻለሁ። እዚህ ቤት የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁለት። ለእህቴ ማሳየት አለማሳየቱን አንቺ ታውቂያለሽ።

ፈጣሪ ደምሽን ያጥራልሽ፣ እግርሽን ያበርታልሽ፣ አባዬ ስምሽን ሳይረሳ ያምጣሽ።

ልጅሽ