ሚኒ ወይስ ማይክሮ

አንተነህ፣ ዓለሜ፣

ሙት ዓመትህ ካለፈ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንጅባራ እንደምታውቃት ናት፤ ዝናቡ አያባራም፣ የሱቃችን ደጅ ጭቃ ነው፣ ባጃጁ ሁሉ እየረጨው ያልፋል። ለወጉ አለሁ ልበልህ እንጂ መኖሬንስ እንጃ።

የጽሑፍ ሥራችን ቆሟል። አሮጌው ኮምፒውተር ዘንድሮ ጨርሶ ተበላሽቶ ከጠረጴዛው ተነሣ። ማመልከቻ የሚያስጽፉ የገጠር ሰዎች ግን ዛሬም በር ላይ ቆመው በአገውኛ ይጠይቁኛል። እኔ ከሚሉት የምሰማው ስምህን ብቻ ነው። አንተ ጉዳያቸውን በቋንቋቸው ሰምተህ በአማርኛ ትተይብላቸው ነበር። የለም ስላቸው ነፍስ ይማር ብለው ሌላ ቤት ይሄዳሉ።

ዕቃውን ለየብቻ ገዝተህ ልትገጥመው የጀመርከውን አዲሱን ኮምፒውተር ልጨርስልህ ብዬ ነበር። ያቺን የኮምፒውተሩ ዕቃ የሚገባባትን ትንሽ ሳጥን ከአዲስ አበባ ያስመጣህ ቀን እንዴት እንደሳቅሁብህ ትዝ ይልሃል? የምሳ ዕቃ ናት ብዬህ ነበር። አንተ ግን ሳትቀየም ጠረጴዛውን በስንዝር ለክተህ፣ አሮጌው ተነሥቶ ይቺ ከተተካች የእኔም ወንበር ከአንተው ጎን እንደሚገባ አሳየኸኝ። በሩ ሥር ተቀምጬ ብርድ ሲመታኝ ማየቱ አንጀትህን ይበላው ነበር። ሌላው ዕቃ ተሟልቶ የቀረው ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ቦርድ፣ ማዘርቦርዱ ነበር። ከሁሉ ትንሹ መሆን አለበት እንዳልከኝ አልረሳሁም። እሱ ሳይመጣ አንተ ታመምክ።

ባለፈው ቦርዱን ልዘዝ ብዬ ባሕር ዳር ላለ ሻጭ ደወልኩ። ሚኒውን ነው ማይክሮውን ብሎ ሲጠይቀኝ ግራ ገባኝ። እኔ ሚኒ ብዬ የማውቀው ከዳንግላ እስከዚህ ስንቱን ሰው አጭቆ የሚመጣውን ሚኒባስ ነው፤ እሱ ደግሞ ምኑ ትንሽ ነው? ትንሹ ማይክሮው መስሎኝ እሱን እንዲልክልኝ ነገርኩት። ለካ በእናንተ ሙያ ትንሹ ሚኒው ኖሯል። ቦርዱ መጥቶ ሳጥኗ ውስጥ ላስገባው ስል አራት ጣት ያህል ተርፎ ቀረ። ብትኖር እንባህ እስኪፈስ ትስቅብኝ ነበር። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሻጩ የተከፈተ ዕቃ መልሼ አልቀበልም አለ። ትልቅ ሳጥን ገዝቼ እንዳስገጥመው፣ ቦታ ካለኝ ምንም እንደማይቸግረኝ መከረኝ። ቦታማ ሞልቷል፣ ዓለሜ። የጎደለው ቦታ አይደለም።

ሌላ ለማዘዝ አቅሙም ልቡም የለኝም። ባዝዝስ ማን ይገጥመዋል? ያ የጀመርከው ኮምፒውተር ሳያልቅ ይቀራል፤ ሱቁንም መዝጋቴ አይቀርም። ይህን ከሌላ ሰው ሳትሰማ ልንገርህ ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

ሳጥኗን ግን ለማንም አልሰጥም። የትም ብገባ ይዣት እሄዳለሁ፤ አንተን እስከማስብ ድረስ፣ ማለት እስካለሁ ድረስ፣ አቧራዋን እጠርጋለሁ። ለጊዜው ባዶዋን ጠረጴዛው ላይ፣ ወንበርህ ፊት አስቀምጫታለሁ። የእኔንም ወንበር ከበሩ ሥር አምጥቼ ከጎንህ አስጠጋሁት። እንዳልከው ልክ ገባ።

ባለቤትህ