አምሮቴና የኬቨን አጋዘን

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ደግሞ እንቅልፍ። ዛሬ ሦስተኛዬ ነው። አራተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ሶፋው ላይ ጋደም ስል ቀኑ ይጠፋብኛል። ከተማችን ሬንተንም ጉም ለብሳ ተኝታለች። ቅድም ከፓርኪንጉ ጀርባ አንዲት አጋዘን ቆማ ቅጠል ትቀነጥብ ነበር። ዐይን ለዐይን ተያየን። ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ፣ ደብተሬ? ጥብስ። አፈርኩ፤ ግን ምራቄ ሞላ።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ
ታችኛው ፎቅ ላሉት እትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብል ኮስተር አሉ። የእርጉዝ አምሮት አይከለከልም፣ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል አሉኝ። እሳቸው የክርስቲያን እጅ ያላረደውን አይቀምሱም። ለኔ ግን ፈረዱ፤ ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው። ባሌን ጌታሁንን አስጠርተው ሥጋውን ፈልጎ እንዲያመጣልኝ አዘዙት። ከጌ. ጋር መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ኬቨን የሚባል አዳኝ አለ፤ ሰሞኑን ተራራውን ተሻግሮ አንድ ወንድ አጋዘን ጥሏል።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ
በላሁ! በቅቤ፣ በቃሪያ፣ በጥብስ ቅጠል። ጌ. ጥሬውን ሊቆርጥ ሲል እጁን መታሁት። ለልጄ ብዬ ድርቅ እስኪል አበሰልኩት። ከዚያ እንቅልፍ። በሕልሜ ያቺ አጋዘን ሆዴ ውስጥ ቀስ ብላ ትራመዳለች። ደስ ይል ነበር።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ
ጌ. ከሥራ ገባ፤ ፊቱ ልክ አይደለም። በስንት ልመና አወጣሁት። ለካ ኬቨን ሥጋውን ሲሰጠው አስጠንቅቆት ነበር፦ የአጋዘኑን ጭንቅላት ለምርመራ ልኬያለሁ፣ ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል፣ እስከዚያ ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ። የአጋዘን አንጎል የሚያበላሽ፣ አክስቶ አክስቶ የሚገድል በሽታ በስቴቱ ምሥራቅ በኩል ተገኝቷል።
“አምሮት ሳምንት ይጠብቃል እንዴ ብዬ ነው” አለ። “ደግሞ ታበስይዋለሽ፣ ሶ፣ ኦኬ ነው ብዬ።”
ስለ በሽታው ኢንተርኔት ላይ አነበብኩ። እሳት አይገድለውም። ማቀዝቀዝም አይገድለውም። ያ ሁሉ ማብሰሌ ከንቱ። ልጄን፣ ልጄን ምን አበላሁት?

ኅዳር 5፣ ዓርብ
ሐኪም ቤት ኮል አደረግሁ። ነርሷ ረጋ ያለች ናት። እስከ ዛሬ ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም፣ የተረፈውን ግን እንዳትነኪ አለችኝ። እስከ ዛሬ። ይህችን ቃል ይዤ ለሥራ ፌደራል ዌይ ከተማ ድረስ ነዳሁ፤ ከአውራ ጎዳናው መውጫዬንም አለፍኩት። ጌ.ን አኩርፌዋለሁ።
እትዬ ዘነበች ይብሳሉ። ነገሩን ሲሰሙ ያዘዝኩት እኔ ነኝ ብለው ሱባዔ ገቡ። ውጤቱ እስኪመጣ እህል የሚቀምሱት ሲመሽ ብቻ ነው። ስኳር ያለበት ሰው! ብለምን፣ ብቆጣ፣ ወይ ፍንክች።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ከሰዓት
ዝናብ። ተኝቻለሁም ነቅቻለሁም። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ዞር አለ። መጀመሪያ ያቺ የሕልሜ አጋዘን መሰለችኝ። ከዚያ ገባኝ። ልጄ ነው። የመጀመሪያው! ጌ.ን ጠርቼ እጁን ሆዴ ላይ አሳረፍኩት። እሱ ምንም አልተሰማውም፤ ተሰማኝ አለ። አለቀስን። ኩርፊያው አበቃ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ፣ ረፋድ
ኬቨን ደወለ። ጌ. ቆሞ ሲሰማ ቆየና ተቀመጠ። አጋዘኑ በሽታው ተገኝቶበታል።
የቀረውን ሥጋ በድርብ ፌስታል ጠቅልሎ ጣለው። ነርሷ ያንኑ ደገመችልኝ፤ እስከ ዛሬ። ከዚህ በላይ የሚያውቅ የለም።
ወደ ታች ወረድኩ። እትዬ ዘነበች በር ላይ ናቸው። ከንፈራቸው ደርቋል፣ የበሩን መቃን ተደግፈዋል።
“ምን አሉ ልጄ?”
“አልተገኘበትም” አልኳቸው።
መሬት ሳሙ። ገና ረፋድ ነው፤ ሽሮ አሙቄ አቀረብኩላቸው። የመጨረሻዋን ጉርሻ እስኪውጡ ከጎናቸው አልተነሣሁም። ጌ.ንም እንዳይነግራቸው አስምዬዋለሁ።
ልጄ ሲያድግ ለእሱ እነግረዋለሁ። ለሳቸው ግን በፍጹም።