አልጋሽን ከፍ አደረግሁት

ውዴ አስካለ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ያልኩት የቀን ማስታወሻዬን አይቼ ነው። ደብተሩ ባይኖር ትናንት ነው እል ነበር፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሃያ ዓመት።

እኔ ደህና ነኝ። አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ሰፈር ያለው ቤታችን እንደተውሽው ነው። የስፌት መኪናሽ መስኮቱ ሥር ነው። በየወሩ ዘይት አደርግለታለሁ፤ የሚሰፋበት ግን የለም። ጨርቁን አሁን ከአምስተርዳም ገበያ ሌላ በሳምንት ሁለት ቀን ዴን ሃግ ወስጄ እሸጣለሁ። እዚያ ያሉት ሴቶች ልክ እንዳንቺ ጨርቁን በሁለት ጣታቸው አሽተው ነው የሚገዙት፤ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም፤ አልጋችን ላይ አልተኛም። ሶፋው ላይ ነው የማድረው። በየሳምንቱ አንሶላውን ቀይሬ፣ አንጥፌ፣ በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። ልጅሽ እሌኒ ስትመጣ በሩን ከፍታ ታያለች፤ መልሳ ትዘጋዋለች።

ዛሬ የምጽፍልሽ አንድ ወሬ ልነግርሽ፣ አንድ ይቅርታም ልጠይቅሽ ነው።

ከወሬው ልጀምር። የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ ዴን ሃግ ጨርቄን ዘርግቼ ቆሜ ሳለ አማችሽ ሀብቶም መጣ። እንደምታውቂው ሮተርዳም ወደብ በፈረቃ ነው የሚሠራው፤ የእረፍት ቀኑን ትቶ በባቡር ገበያ ድረስ የሚመጣ ሰው አይደለም። ጠረጴዛዬን ሁለት ጊዜ ዞረው። ሰላምታ ሰጠኝ፣ ስለ ዝናቡ አወራኝ፣ ከዚያ ሦስት ሜትር ነጭ ፍላኔል ቁረጡልኝ አለኝ፤ ያንን ለስላሳውን፣ የሕፃን መጠቅለያ የሚሆነውን። ለምንህ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ "ለ... ለመጋረጃ" አለኝ። አስካለ፣ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሸጫለሁ፤ በነጭ ፍላኔል መጋረጃ የሰቀለ ሰው አላየሁም። ቆርጬ፣ አጥፌ፣ ሳልሰጠው በእጄ እንደያዝኩ ዓይን ዓይኑን አየሁት። በዚያ ብርድ አላበው። "አባባ፣ እሌኒ ናት የላከችኝ፤ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች" አለኝ።

አገር ቤት ቢሆን እንዲህ አይደለም። ልጅ ለእናቷ ትነግራለች፤ እናት ደህና ሰዓት ጠብቃ ለአባት ትነግራለች፤ አባት ደግሞ እንዳልሰማ ሆኖ ይቀመጣል። እሌኒ የምትነግራት እናት ስለሌለች ነገሩን ለብቻዋ ይዛው ከረመች። ሀብቶም ጨርቁን ሳይቀበል መንገድ ከጀመረ በኋላ ተመልሶ መጥቶ፣ "ለእማዬ ብነግራት እሷ ለአባዬ ትነግርልኝ ነበር እያለች ታለቅሳለች፤ ቢቸግራት ነው እኔን የላከችኝ" አለኝ። ጨርቁን ሰጠሁት። የዚያን ቀን ማስታወሻዬ እንዲህ ይላል፦ "ማክሰኞ። ዝናብ። ሦስት ሜትር ነጭ ፍላኔል ለሀብቶም።" ሌላ መጻፍ አልቻልኩም።

እንግዲህ ወሬው ተገልብጦ መጣ። አንቺ ለእኔ ትነግሪኝ የነበረውን እኔ ለአንቺ ነገርኩሽ። ልጃችን ነፍሰ ጡር ናት።

ማልቀሱን ለእሑድ ትቼ ረቡዕ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሰፈራችን ሐኪም ዘንድ ደወልኩ። ጤነኛ ከሆነች እኛ ዘንድ ሳይሆን አዋላጅ ዘንድ ነው የምትሄደው አሉኝ። አንቺ እዚህ ስላልወለድሽ አታውቂውም፤ በዚህ አገር አዋላጇ ቦርሳዋን ይዛ በብስክሌት ቤት ድረስ ትመጣለች፤ ብዙ ሴት የምትወልደው በገዛ አልጋዋ ላይ ነው። ከወለደች በኋላ ደግሞ አንዲት ሠራተኛ ስምንትም አሥርም ቀን እየተመላለሰች ሕፃኑን ታጥባለች፣ አራሷን ትጠብቃለች፣ ምግብ ትሠራለች፣ ቤት ታጸዳለች። ክራምዞርግ ይሉታል። እናት ያላትም የሌላትም እኩል ታገኛለች፤ ግን ገና በሦስተኛው ወር መመዝገብ አለባት። በመርከብ ዕቃ እንደማዘዝ ነው፤ የዘገየ ባዶ እጁን ይቀራል። ይህን ለመረዳት ማንም አላስፈለገኝም። እኩለ ቀን ሳይሆን አዋላጇንም ክራምዞርጉንም ይዤ ጨረስኩ። የምትወልድበት ቤት የት ነው ሲሉኝ የእኛን አድራሻ ሰጠሁ። እሌኒን አልጠየቅኋትም።

ምን ነካህ እንዳትይኝ። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። አንቺም እሌኒን ልትወልጂ ናዝሬት እናትሽ ቤት ሄድሽ። አሁን አንቺ ባትኖሪም ቤትሽ አለ ብዬ ነው። እነሱ ሮተርዳም የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው መሰላል ማለት ነው፤ ሀብቶምም በፈረቃው ምክንያት ቤት አይገኝም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ለሰውም የምናገረው ይህንኑ ነው። ለአንቺ ግን ሌላውን ልንገርሽ፤ ልጁ አልጋሽ ላይ እንዲወለድ ፈልጌ ነበር። እኔ ልተኛበት ያልቻልኩት አልጋ ላይ ሌላ ሰው እንዲያለቅስበት፣ አዲስ ሰው።

ለእሌኒ ደውዬ ሁሉም አልቋል፣ አታስቢ አልኳት። የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። "አባዬ፣ ሳትጠይቀኝ አስመዘገብከኝ? እኔ የጨርቅ ጥቅል ነኝ፣ አድራሻ ለጥፈህ የምትልከኝ?" አለችኝ። ቦታው እንዳያልቅ ብዬ ነው አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። ሦስት ቀን ድምፅዋን አልሰማሁም። ቅዳሜ ከሮተርዳም በባቡር መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ የስፌት መኪናሽ አጠገብ ተቀመጠችና መዘውሩን በጣቷ ወደፊት ወደኋላ እያደረገች፣ "እሺ፣ አዋላጇን እናናግራት። የምወስነው ግን እኔ ነኝ" አለችኝ። ድምፅዋ ያንቺ ነበር። እሺ አልኩ።

የአዋላጇ ቢሮ ከቤታችን በትራም ሁለት ፌርማታ ነው። አዋላጇ ወጣት ናት፤ ቁመቷ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው። እሷና እሌኒ ገቡ፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። አባት እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል? በሩ ግን ገርበብ ብሎ ነበርና ሁሉም ይሰማኛል። ስለ ደም ግፊቷ፣ ስለ ምግቧ፣ በልጅነቷ ስለታመመችው ጠየቀቻት። ከዚያ እናትሽ አንቺን ስትወልድ እንዴት ነበር፣ ችግር ነበረ ወይ አለቻት። እሌኒ አላውቅም፣ እናቴ ሞታለች አለች። አዋላጇ፣ አባትሽስ ያውቁ ይሆን አለች። ልጅሽ ሳቀች። "አባቴ? አባቴ ስለ ጨርቅ ጠይቂው እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አያወራም" አለቻት።

የማውቀውን አንቺ ታውቂያለሽ። ናዝሬት፣ እናትሽ ጓዳ፣ እሌኒ ወጥታ አልቅሳ ሁሉም እልል ካለ በኋላ ደምሽ አልቆም አለ። ከሱቅ አንድ ጣቃ አቡጀዴ ተሸክሜ ሮጥኩ፤ ሴቶቹ እየቀደዱ እየቀደዱ ጨረሱት። በጋሪ ሆስፒታል አደረስንሽ፣ ወንድምሽ ደሙን ሰጠ። ከሌላ ልጅ የቀረነውም በዚያው ነው። ቀና ብለሽ መቀመጥ በቻልሽ ቀን እጄን ይዘሽ አስማልሽኝ፤ ልጅቷ ራሷ ወልዳ እስክትጨርስ ይህን እንዳትሰማ፣ ፍርሃት ይገባታል፣ እናቴን ልገድላት ነበር ትላለች አልሽኝ። ማልኩልሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ጠበቅሁት። በስደት ከካርቱም እዚህ ስንመጣ ስንቱን ነገር ጥለን እሱን አልጣልኩም።

ሌላም ነገር ገብቶኛል። ይህን ከተናገርኩ አዋላጇ ቤት ውስጥ እንድትወልድ አትፈቅድም። አልጋሽ ቀረ ማለት ነው። ነጋዴ ነኝ፤ ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚያተርፍ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አሰብኩት፣ አልዋሽሽም። ከዚያ ባርኔጣዬን አውልቄ ገባሁ።

በዚያ በተሰባበረ ደችዬ ወለሉን እያየሁ ጀመርኩ። "ደም" ከሚለው በኋላ ቋንቋው አለቀብኝ። በአማርኛ ቀጠልኩ፣ እሌኒ ተረጎመች። አስካለ፣ የራሷን መወለድ ራሷ ተረጎመች። አቡጀዴው ላይ ስንደርስ ቆመች። አዋላጇ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ጠበቀች፤ እኔ መውጣት አማረኝ። ከዚያ ልጅሽ ወደኔ ሳትዞር፣ "ቀጥል፣ አባዬ" አለችኝ። ቀጠልኩ። ደሙ ምን ያህል ነበር ተባልኩ። አንድ ጣቃ አልኩ፤ ሌላ መለኪያ አላውቅም። ስንት ሜትር እንደሆነ ስነግራት አዋላጇ መጻፏን አቆመች።

በእናት የደረሰ በልጅ ይደርሳል ማለት አይደለም አለች። ግን አላቃልለውም፣ የሆስፒታሉን ሐኪም አማክራለሁ፣ እስከዚያ ወሊዱን ሆስፒታል ብለን እንያዘው፤ ሁሉ ደህና ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ቤት ትመለሳለች፣ ክራምዞርጓም እዚያ ትጠብቃታለች አለች። ወደየትኛው ቤት ብላ ጠየቀች። እኔ ባርኔጣዬን አየሁ። እሌኒ ስሎተርቫርት ያለውን አድራሻችንን ቁጥሩን ሳትሳሳት ነገረቻት።

ትራሙ ላይ፣ ለምን አልነገራችሁኝም አለችኝ። እናትሽ አስምላኝ ነው አልኳት። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ "አንድ ጣቃ ሙሉ?" አለች። አንድ ጣቃ ሙሉ አልኳት። እጄን ያዘችኝና እስክንወርድ አለቀቀችኝም። ከቀብርሽ ቀን ወዲህ አልያዘችኝም ነበር።

ይቅርታዬ ይኸው ነው። ማልኩልሽ፣ አፈረስኩት። ብትኖሪ አንቺው ትነግሪያት ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ግን አውቅሻለሁ፣ ዝም ብለሽ ጸበል ታጠጫት ነበር። ፍርሃቱ ገብቷታል፣ አልሸሽግሽም። ባለፈው እሑድ ሁለት ጊዜ ደወለች፣ ምንም ሳትጠይቅ ስለ አየሩ አውርታ ዘጋች። የምትፈራውን አብሬያት እፈራለሁ፤ ሌላ የማደርገው የለም።

አዋላጇ የሰጠችን ወረቀት ላይ አራሷ የምትተኛበት አልጋ ከፍ ማለት አለበት ይላል፤ ሠራተኛዋ ጎንበስ ቀና ስትል ወገቧ እንዳይጎዳ። የእኛ አልጋ ዝቅተኛ ነው። በጨርቅ ሣጥኖቼ ላይ ላቆመው ነበር፤ እሌኒ ከለከለችኝ። ከሥሩ የሚገቡትን የእንጨት ድጋፎች የሚያውሱበት ቦታ ሄድኩ። ገና ስድስት ወር እኮ አለ ብላ እዚያ ያለችው ሴትዮ ሳቀችብኝ፤ ግን ሰጠችኝ። ትናንት ከሀብቶም ጋር አልጋሽን አነሳነው። ከሥሩ ጨርቅ የምታሰምሪበት ሰማያዊ ጠመኔሽ ወጣ፣ ግማሹ የቀረ። አሁን ኪሴ ውስጥ ነው። እሌኒ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯ መሬት አልደርስ ብሎ ተንጠለጠለ። "እስክመጣ አንተ ተኛበት፤ ባዶ አልጋ ላይ መምጣት አልፈልግም" አለችኝ። ተኛሁበት። ከፍ ብሏል፤ ስወርድ እጠነቀቃለሁ።

አንድ ደብተር ለብቻው ገዝቻለሁ። ስለ አንቺ የማውቀውን ሁሉ እየጻፍኩበት ነው፤ ያሳየሽውንም የደበቅሽውንም፣ እንዴት እንደወለድሽ፣ ምን እንዳመመሽ፣ ምን እንደተመኘሽ። ዳግመኛ ኮሪደር ላይ አልቀመጥም። የሚወለደው ሴት ከሆነች፣ አንድ ቀን አንዲት አዋላጅ ስለ አያቷ ትጠይቃታለች።

አላውቅም አትልም።

ባለቤትሽ መኮንን