የምስሩን ወጥ በሚዛን ጻፊልኝ

ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ፣ ማማሰያ ስትይዢ ደግሞ በጣም ለምፈራሽ እህቴ፤

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ፣ መሀል ላይ ያለውን ወገብሽን ጨምሮ፣ ደህና ነሽ ወይ? ወገብሽን ለይቼ የጠየቅሁት ባለፈው በስልክ ስናወራ ሁለት ጊዜ «ውይ» ስላልሽ ነው። አንዱን «ውይ» የእኔ ናፍቆት ነው ብዬ ወሰድኩት፤ ሁለተኛው ግን የወገብ ይመስላል። እማዬስ እንዴት ናት? የግፊት መድኃኒቷን ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ምላሷ ሥር ደብቃ ለዶሮዎቹ ትተፋላቸዋለች? የአባዬ ጉልበት አሁንም ዝናብ ይተነብያል? ጋሼ ባልሽስ፣ ሲያንኮራፋ አድሮ «እኔ አይደለሁም» ማለቱን ተወ? ጩጬዋ ልጅሽስ ስንት ጥርስ አወለቀች? እኔ ለክፉ አልሰጥም። ይህችን አምነሽ እንዳታልፊ፣ ለወጉ የተጻፈች ናት።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ደብተሬ ላይ ከጻፍኩት የሣልኩት እንደሚበዛ ታውቂያለሽ። ስምንተኛን ያለፍኩትም አስተማሪዎቹ ሌላ ዓመት ሊያዩኝ ስላልፈለጉ ነው ያልሽው አንቺው ነሽ። ግን ስደውል ስልኩን ታስጮኺዋለሽ፣ ቤቱ በሙሉ ይሰበሰባል፣ እማዬም «ልጄ፣ ዛሬ ለእንግዶቹ ምን ሠራህላቸው?» ትለኛለች። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ የማላውቀውን የምግብ ስም እደረድርላታለሁ። ይህ ነገር ግን እንደዚያ የሚወራ አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ጽሑፍ ጥሩ ነው፣ አይጮህም። ጋሼ አጠገብሽ ካለ ተነሥተሽ ውጪ።

ድስት አጣቢ መሆኔን ከቤቱ ሰው አንቺ ብቻ ታውቂያለሽ። የማጥብበት ወጥ ቤት ሰባት መቶ የፋብሪካ ሠራተኛ ያበላል። ድስቱ ምን ያህል እንደሆነ ልንገርሽ፤ አንዱን ሳጥብ እስከ ወገቤ ገብቼበት ሰው መጥቶ ስሜን ጠርቶ «የለም» ብሎ ሄዷል። ጠዋት ለሦስት ሰዓት ያህል የምግብ ሥራ ትምህርት ቤት እማራለሁ፣ ከዚያ ሮጬ ሥራ እገባለሁ፣ ሲመሽ እወጣለሁ። በዚህ ከአምስት ወር በላይ ሆነኝ። እጄ ከውሃው ብዛት እየተላጠ ነው፤ እግሬን አንዳንዴ ሳየው የተዋስኩት ይመስለኛል። ባለፈው አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ተኝቼ ሦስት ፌርማታ አለፍኩ። ስነቃ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ትከሻዋን አውሳኝ ኖሯል። ይቅርታ ስላት «አንኮራፍተሃል» አለችኝ። እኔ አይደለሁም አልኳት፣ ጋሼን አስታውሼ።

ይህን ሁሉ የምሮጠው ዋናው ሼፍ ስለነገረኝ ነው። የምግብ ሥራ ወረቀት በስድስት ወር ውስጥ ካመጣህ የሾርባው ምድጃ ያንተ ነው፣ ካላመጣህ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሎኛል። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ የሚናገር ሰው አይደለም።

ክፍላችን ከመሬት በታች ነው። ስምንት ጠረጴዛ፣ ስምንት የጋዝ ምድጃ፣ ጣራው ላይ ደግሞ እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮህ ማናፈሻ አለ። አስተማሪያችንን «ወይዘሮ ግራም» ብዬ ሰይሜያታለሁ፤ ጨው እንኳ ሳትመዝን አትጨምርም። አንድ ቀን በጣቴ ቆንጥሬ ስጨምር አይታኝ «ያ ስንት ነው?» አለችኝ። የእህቴ ቁንጥር ነው አልኳት። «እህትህ ስንት ግራም ናት?» አለችኝ። ከእራት በፊት ነው ከእራት በኋላ? አልኳት። ክፍሉ ሳቀ፣ እሷ ግን ቁንጥሩን አስመዘነችኝ።

በየሳምንቱ የአንድ ሕዝብ ማዕድ እንሞክራለን። ዓሣውን ሳያበስሉ የሚበሉ አሉ፤ ዓሣው እኔን አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ሁለታችንም ደነገጥን። ወተቱን አሻግተው ሻጋታውን የሚያወድሱ አሉ፤ እማዬ ብታየው ለውሻም አትሰጠው። ሥጋ በማር የሚቀቅሉ አሉ። መጀመሪያ እስቅ ነበር። ኋላ ግን አንድ ቀን የሩቅ ሰዎች የባቄላ ሾርባ ሠርተን ስቀምሰው፣ እማዬ አባዬን የተቆጣች ቀን የምትሠራውን ሆኖ አገኘሁት፤ ያው ጨው፣ ያው ዝምታ። ሰው በየአገሩ ይቆጣል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መቅመስ ወደድኩ።

ጠረጴዛ የምጋራው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሚስቱ ስትሞትበት እንቁላል መቀቀል እንኳ እንደማይችል ገባው፣ ለዚያ ነው የተመዘገበው። ጋሽ ሾፌር እለዋለሁ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ቢላዋ አይታዘዝለትም። በሦስተኛው ሳምንት ጨው ዕቃው ውስጥ ስኳር ሞላሁበት። ጭጭ ብሎ ሾርባውን ሠርቶ፣ ጭጭ ብሎ ጠጥቶ ጨረሰ። በሚቀጥለው ቀን የሽርጤን ገመድ ከጠረጴዛው እግር ጋር አስሮት፣ አስተማሪዋ ስትጠራኝ ጠረጴዛውን ጎትቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ወዳጅ ሆንን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከአርባ ቀን በፊት ትኩሳት ያዘኝ። ስድስት ቀን ተኛሁ፣ አልነገርኳችሁም። በሰባተኛው ቀን ሥራ ስገባ ከገንዳው ሥር ያለው ቱቦ፣ ሁልጊዜ የሚገማው፣ አይገማም። በመጨረሻ አስጠገኑልን ብዬ ለባልደረባዬ ስነግረው፣ አፍንጫውን በክንዱ እንደ ሸፈነ አየኝ። ሳሙናውን አሸተትኩ፣ የለም። ነጭ ሽንኩርት ጨፈለቅሁ፣ የለም። የገዛ ካልሲዬን አሸተትኩ፤ እሱ ካልሸተተኝ ሌላ ምን ሊሸተኝ ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ የምበላው ሁሉ የራሰ ወረቀት ሆነብኝ። ምላሴ ጨው ጨው መሆኑን፣ ስኳር ስኳር መሆኑን ትነግረኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የላትም። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሊመለስ ይችላል፣ ሊቀርም ይችላል፣ ታገሥ አለኝ። ለዚህ ለዚህ ወረፋ ባልቆምኩ፤ አባዬም ይህንኑ ይለኝ ነበር።

ለጋሽ ሾፌር ብቻ ነገርኩት። ከዚያ ውል ገባን። እኔ ሽንኩርቱን እከትፍለታለሁ፣ እሱ ድስቴን ያሸትልኛል። ዕድሜ ልኩን ረዳት ከኋላ ሆኖ «ና፣ ና፣ ቀስ፣ ቁም» ሲለው የኖረ ሰው ተራው ደርሶት፣ «ጨምር፣ በቃ፣ አውርድ ሊያርር ነው» እያለ በሹክሹክታ እኔን ያስገባኝ ጀመር። ወይዘሮ ግራም ምግቤ መሻሻሉን ሁሉ ነግራኝ ነበር። ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ጋሽ ሾፌር ሐኪም ቤት ሄዶ አረፈደ። እኔ ጋዙን ከፈትኩ፣ አልያዘም። መዝጋቱን ረስቼ ክብሪት ፍለጋ ሄድኩ፣ እግረ መንገዴን ከአንዷ ጋር ቀልድ ያዝኩ፣ ቆየሁ። ተመልሼ ክብሪቱን ልጭር ስል ወይዘሮ ግራም ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ዘወር ስል ክፍሉ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ በሩ ላይ ተኮልኩሏል። እኔ ብቻ ምድጃው ፊት ቆሜ አፏጫለሁ። ጋዙን ዘጋች፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፣ ከዚያ «ይሄ የምን ቀልድ ነው?» አለችኝ። አይሸተኝም አልኳት። ከበሩ በኩል አንዱ ሳቀ። እውነቴን ነው፣ አፍንጫዬ አይሠራም አልኩ። ሌላውም ሳቀ። «ሽርጥህን አስቀምጥና ውጣ» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ ከወር በፊት የቲማቲም ድልህ ጣቴ ላይ ቀብቼ ተቆረጥኩ ብዬ አስለቅሻታለሁ። እንደ እኔ ያለ ሰው ምስክር የሚያስፈልገው እውነት ሲናገር ነው።

ውጭ ደረጃው ላይ ቁጭ እንዳልኩ ጋሽ ሾፌር መጣ። ነገርካት ወይ አለኝ። ነገርኳት አልኩት። አመነችህ ወይ አለኝ። አንተ ብትሆን ታምነኝ ነበር? አልኩት። «እኔማ ስኳሩን ጠጥቻለሁ፣ አላምንህም» አለና ክንዴን ይዞ መልሶ አስገባኝ። ውላችንን አንድ ሳያስቀር ነገራት፣ የራሱን ጥፋት ጨምሮ። እሷም ዓይኔን አስጨፍና አንድ ነገር አፍንጫዬ ሥር አቀረበችልኝ። ምንድን ነው ስትለኝ ውሃ አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ የኮምጣጤ ጠርሙስ ይዛለች፤ በሩ ላይ የቆሙት እንኳ ከሽታው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። የዚያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። እታለም፣ ሰው እንዲስቅልኝ ብዙ ለፍቻለሁ፤ ዝም እንዲልልኝ ግን ለፍቼ አላውቅም ነበር።

አላባረረችኝም። ግን ብቻዬን ጋዝ አልነካም፣ ጋሽ ሾፌርም ድስቴ አጠገብ አይደርስም። የመጨረሻው ፈተና የካቲት አንድ ነው፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን። እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ ወጥ ለአራት ሰው ሠርተን እናቀርባለን። መቅመስ ካልቻልክ በልክ ሥራ አለችኝ። እያንዳንዷን ነገር በግራምና በደቂቃ አስጽፈህ ና፣ ወረቀቱ ያሽትልህ አለችኝ። ከወደቅሁ የሚቀጥለው ፈተና ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ የሾርባው ምድጃ ግን ስድስት ወር አይጠብቀኝም።

ስለዚህ እታለም፣ የምስሩን ወጥ በሚዛን ጻፊልኝ። «እጄ ያውቀዋል» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እጅሽ ያውቃል፣ ግን እጅሽን ቆርጠሽ ልትልኪልኝ አትችዪም። ሚዛን ተዋሺ። የባለሱቁን እንዳትዋሺ፤ በእሱ ሚዛን ከሠራሁ ለአራት ሰው ያልኩት ለሦስት ነው የሚደርሰው። ከመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ተዋሺ። የምትቆነጥሪውን ሁሉ ወደ ድስቱ ከመጨመርሽ በፊት ወረቀት ላይ አድርገሽ መዝኚው። «ትንሽ»፣ «በመጠኑ»፣ «እንደ ሁኔታው» የሚሉ ቃላት አንድም ቦታ እንዳላይ። ይህን ስልሽ ማማሰያው በእጅሽ እንዳለ ይታየኛል፤ ደግነቱ አይደርስም።

ጆሮዬ ደህና ነው። ስለዚህ ድምፁንም ጻፊልኝ። ሽንኩርት መጀመሪያ ይጮሃል፣ ቀጥሎ ያጉረመርማል፣ በመጨረሻ ዝም ይላል ትዪ ነበር። ቅመሙ የሚገባው ሲያጉረመርም ነው ዝም ሲል? ምስሩ ሲበስልስ ድስቱ ምን ይላል? ከማጀት ስታባርሪኝ በር ላይ ተለጥፌ የማዳምጠው ይህንን ነበር፤ ያኔ ግን ዞር የምትዪበትን ሰዓት ለማወቅ እንጂ ለትምህርት አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ ዋሽቼሻለሁ። የላክሽው ቅመም ሲደርሰኝ እንዴት ነው ብትዪኝ፣ ቤቱን አወደው አልኩሽ። እንዲህ ነው የሆነው፤ ፌስታሉን ፈትቼ አፍንጫዬን ነከርኩት። ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ። ሌላ ምንም አልመጣም። አልጋዬ ላይ ታቅፌው ቁጭ እንዳልኩ፣ ክፍል የሚጋራኝ ሰውዬ ከሥራ ገብቶ «እንዴት ደስ የሚል ነገር ነው የሸተተኝ» አለ። ቅመሙን ሳይሆን አፍንጫውን ተመኘሁበት።

ደክሞኛል፣ እታለም። ቀልድም ይደክማል ለካ። ጠዋት ስነሣ ዛሬ ማንን ላብሽቅ እል የነበርኩት ሰውዬ፣ አሁን ምነው ዛሬ ማንም ባላናገረኝ እላለሁ። ሁለት ዓመት ሰው የተወውን ሳጥብ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን የእኔን ሾርባ ጠጥቶ ሳህኑን ባዶ የሚመልስ ሰው ማየት እፈልጋለሁ፤ ከዚያ በላይ የጠየቅሁት ነገር የለም። ካለፍኩ ለእማዬ የነገርኳት ሁሉ እውነት ይሆናል። ከወደቅሁ ግን ከጎረቤት ሳይሆን ከእኔ ትስማ፣ እኔው እነግራታለሁ። እስከዚያው ሆድ ይፍጀው።

የመጨረሻው ልመናዬ ለፈተናው አይደለም። ወጡ በስሎ ሳታወርጂው፣ ክዳኑን ክፈቺና ለእኔ አሽቺልኝ። የሸተተሽን ጻፊልኝ። «ይጣፍጣል» ብለሽ እንዳታመልጪኝ። መጀመሪያ የሚመጣው የቱ ነው፣ ሽንኩርቱ ነው ቅመሙ? አፍንጫ ላይ ነው የሚቀረው ወይስ ጉሮሮ ይደርሳል? በር ላይ ሆኖ ሲሸት ሌላ ነበር፣ ድስቱ ላይ ሆኖ ሌላ ነበር መሰለኝ። ሐኪሙ በየቀኑ አንድ ነገር እያስታወስክ አሽት ብሎኝ ነበር። አሽትቻለሁ። ማስታወሱ ነው እየጠፋብኝ ያለው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ደህና ነው በያት፣ ሌላ ነገር አትጨምሪበት። አባዬን እጁን ሳሚልኝ፣ ጉልበቱ ዝናብ ካለ ልብሱን አስገቡ። ጋሼን ሰላም በዪልኝ፤ እሱ እንዳልሆነ አምነናል። ጩጬዋን በጎደለው ጥርሷ በኩል ሳሚያት፤ ያወለቀችውን ጣራ ላይ ስትወረውር ለአጎቴም አንድ አዲስ አፍንጫ ብላ ትጨምርበት። ሌላ ሰው ከጠየቀሽ፣ ያ ዋልጌ ሥራ በዝቶበታል በያቸው።

ወንድምሽ

ከወጥ ቤቱ፣ ከሁለተኛው ማጠቢያ ገንዳ አጠገብ፣ በምሳ ዕረፍት ተጻፈ
ጥር 19 ቀን